የዌንደል ክሩግ አሥራ አንድ የድብ ዕቅዶች

በዶሊ ፎርክ ከተማና በዙሪያዋ ለምትገኙ ሁሉ፣ ባለ እግርም ባለ መኪናም ሁኑ፣ ለጥድ ዛፎች፣ ለድልድዩ፣ ለነዳጅ ማደያው ውሻም ጭምር ይህ ቃል ወጥቷል። የትምህርት ቤቱ ጋራዥ ሹም፣ የአራት ቢጫ አውቶቡሶች ጠባቂ፣ የዘይትና የጎማ ባለሥልጣን የሆነው ዌንደል ክሩግ፣ ቁመቱ ከአውቶቡሱ መስታወት በታች፣ ሐሳቡ ግን ከተራራው በላይ፣ በዚህ ጸደይ ማንም ሳይመራው፣ ማንም ሳይደግፈው፣ በገዛ ካርታውና በገዛ እግሩ ወጥቶ ጥቁር ድብ እንዲጥል ታሪካዊ ውሳኔ አሳልፏል። በተራራው የምትኖሩ ድቦች ይህን ተገንዝባችሁ አስፈላጊውን ዝግጅት እንድታደርጉ።

ድቦቹ አልተዘጋጁም። ይህን አዋጅ ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ ሰምተውታል።

ዌንደል ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በሞንታና ተራሮች ጉያ ተወልዶ፣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ድብ በሚጥልበት አገር አድጎ፣ ጎረቤቱም የጎረቤቱ አማትም ጥለው፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ በካርታ ላይ ካልሆነ በቀር ድብ አልነካም። የመጀመሪያው ዓመት በረዶው አልቀልጥ አለ። በሁለተኛው ዓመት ቀድሞ ቀለጠ። አንድ ጸደይ ጉልበቱ አመመው፤ በሚቀጥለው ደግሞ ለጉልበቱ የገዛው ጫማ ተረከዙን ላጠው። አንድ ዓመትማ ምንም አልጎደለም፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ተስተካክሎ፣ መኪናው ተነሥቶ ሲያበቃ ዌንደል በር ላይ ቆሞ አሰበና «እንዲህ ያለ ቀን ነው ሰውን የሚያታልለው» ብሎ ቤቱ ዋለ።

ዕቅዱን ግን ማንም አይደርስበትም። ልጆቹ አድገው የለቀቁት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ በካርታ ተለብጧል። ቀይ መርፌ ድብ የታየበት ነው፤ ሰማያዊ መርፌ ውኃ ነው፤ ቢጫ መርፌ ደግሞ ዌንደል ራሱ ተቀምጦ የሚያይበት። ቀዮቹ አራት ናቸው። ቢጫዎቹ ስድሳ ሦስት። በዚህ አገር ጥቁር ድብ ማደን የሚፈልግ ሰው ጥቁሩን ድብ ጀርባው ላይ ጉብታ ካለው ከትልቁ ድብ ለይቶ ማወቁን በፈተና ማስመስከር አለበት፤ አንዴ ያለፈ ዳግመኛ አይጠየቅም። ዌንደል በየዓመቱ ይፈተናል። በየዓመቱም አንድ ሳይስት ያልፋል። አሥራ አንዱንም ወረቀቶች በመስታወት አስገብቶ ሰቅሏቸዋል።

«የሠርጋችን ፎቶ የት ሄደ?» አለችው አንድ ቀን ሚስቱ ሎሬታ።

«መተላለፊያው ላይ አድርጌዋለሁ።»

«ከማጠቢያ ማሽኑ በላይ?»

«እዚያ ብርሃን አለው።»

ይህ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነገር ይንቃል፤ በመሪ የሚያድን ሰው። በየጸደዩ ከትልልቅ ከተሞች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ዋጋው ገና ከሸሚዛቸው ሳይላጥ የሚመጡ ሰዎች አሉ። የአገሩን ሰው ይቀጥራሉ። ቅጥረኛው ሻንጣቸውን ይሸከማል፣ ድቡን ያገኛል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ «አሁን» ይላል። ዌንደል እነዚህን ሰዎች ሲያይ ቁርስ ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ይሰብካል። «ድብህን ሌላ ሰው ካሳየህ ድቡ የሌላው ሰው ነው። አንተ ጥይት አመላላሽ ነህ!» በመኪናው የኋላ መከላከያ ላይም በትልልቅ ፊደል ያስጻፈውን ለጥፏል፤ «መሪዬ ራሴ ነኝ»። ራሱን ሲመራ አሥር ዓመት አለፈው፤ ራሱ ወዴት እንደመራው ግን የሚያውቀው ሶፋው ብቻ ነው።

እስካለፈው የካቲት ድረስ ይህ ሁሉ ማንንም አልጎዳም ነበር።

የዶሊ ፎርክ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች በየግንቦቱ ሁለተኛ ቅዳሜ በአዳራሻቸው ራት ያበላሉ። ከተማው ሁሉ ይመጣል። የዚያ ራት ሥጋ ከጥንት ጀምሮ ድብ ነው፤ ድቡን ያመጣ ሰው ከአሮጌው የእሳት አደጋ መኪና በተነቀለው የቆዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ስሙም በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፋል። ከአያቶች ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ ቤተሰብ ቢኖር የክሩግ ቤተሰብ ብቻ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ድብ ያመጣ ሰው ጠፍቶ የታጨሰ የአሳማ እግር ታዝዞ ነበር። በየካቲቱ ስብሰባ ላይ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ሩፐርት ሃልቮርሰን፣ ሳቁ ከሆዱ የሚቀድም ሰው፣ ቃለ ጉባኤውን እየገለበጠ፣

«እህ ዌንደል፣ ዘንድሮስ ድብህ በአካል ይመጣል ወይስ በፖስታ ነው?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዌንደልም አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲባል አብሮ ይስቅ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ብድግ አለ።

«ዘንድሮ የአሳማ እግር እንዳታዝዝ።»

«ምን አልክ?»

«ሰማኸኝ። የግንቦቱ ሥጋ በእኔ ነው።»

«አይ አንተ! በቃለ ጉባኤ ይያዝ እንዴ?»

«ይያዝ!»

ተያዘ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መቶ አርባ ሰው ሥጋ ጠባቂ ሆነ።

ሎሬታ ወሬውን የሰማችው ከእሱ ሳይሆን ከፖስታ ቤት ነው። እቤት ስትገባ ባሏ የተራራ ሻንጣው እንዲቀለው የዱቄት ሚዛኗን ወስዶ ካልሲ እየመዘነ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አትንኪው፣ መርፌው ይዛባል።»

«ለመቶ አርባ ሰው?»

«ዕቅድ አለኝ።»

«ዕቅድማ አለህ። ላም አለኝ በሰማይ! ስማኝ ዌንደል፤ በዚያ ቅዳሜ ባዶ እጅህን ብትመጣ ሰው ሁሉ ድንች ብቻ ቆርጥሞ ሲያይህ፣ እኔ አጠገብህ አልቀመጥም። ወጥ ቤት ነው የምቀመጠው።»

ዌንደል የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ከግማሹ ቆርጦ ሚዛኑ ላይ አኖረና ግማሽ ወቄት እንዳተረፈ በደብተሩ ጻፈ። በዚያው ክረምት ሆዱ ላይ ስምንት ፓውንድ ጨመረ፤ ያንን ማንም አልመዘነም።

ሌሊት ግን እንቅልፍ አጣ። ሰሌዳው ይታየዋል። የሃልቮርሰን ሳቅ ይሰማዋል። ከዚያ ሁሉ ካርታ ውስጥ አንድ ቦታ መረጠ፤ ማንቆርቆሪያ ሸለቆ። ከተዘጋው የደን መንገድ በር አራት ማይል በእግር ነው። ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ ገደል፣ በክረምት የበረዶ ናዳ ዛፉን ጠርጎ ሰንበር ያወጣበት፣ በሰንበሩ ላይ ደግሞ ጸደይ ሲጠባ ከሁሉ ቀድሞ ሣር የሚያቆጠቁጥበት። ከዋሻው የወጣ ድብ እንደ በሬ ሣር ይግጣል፤ ሌላ ነገር አያምረውም። ዌንደል የሚተኛበትን ድንጋይ፣ የሚደገፍበትን ግንድ፣ ሽንቱን የሚሸናበትን አቅጣጫ ሳይቀር ወሰነ። የተራራ ነፋስ ማለዳ ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይወጣል፤ ይህን በዶሊ ፎርክ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል፤ ዌንደል ሦስት ደብተር ጻፈበት።

የቀረው መዋሸት ብቻ ነበር።

በዶሊ ፎርክ ሰው መኪናውን ያውሳል፣ መጋዙን ያውሳል፣ በሩን ሳይቆልፍ ይተኛል፤ የድብ ቦታውን ግን ለሚሞት አባቱ አይናገርም። ሲጠየቅ ዝም ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ ይዋሻል። ጠያቂው እንደሚዋሽ ያውቃል፣ ዋሺውም እንደታወቀበት ያውቃል፤ እንደ ሰላምታ ነው፣ «ደህና ነህ?» «ደህና» እንደ ማለት። የቆየው ብልኃት አጠር አድርጎ መዋሸት ነው፤ «ወደ ላይ»፣ «ወደዚያ ማዶ» ብሎ ቡናን ፉት ማለት። ዌንደል ግን ዘንድሮ ውሸቱንም አቀደው። በካርታው ላይ ካሉት ሁሉ ድብ የማይታሰብበትን የመጨረሻ ቦታ ፈለገ። ከሰማይ በተነሣው ፎቶ ላይ ሙት ፈረስ ሸለቆ ጥቁር ብሎ ይታያል፤ ጥላ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም፣ በረዶው እስከ ሐምሌ አይለቅም ብሎ ከአሥር ሁለት ሰጠው። ከዚያም ውሸቱን አስጊጦ፣ ዝርዝር ጨምሮ፣ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ተለማመደው።

ቁርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሃልቮርሰን ፓንኬኩን እየቆረጠ ጠየቀ።

«ዌንደል፣ የእኛን ራት ከየት በኩል ነው የምታመጣው?»

«ሙት ፈረስ።»

«ሙት ፈረስ ሸለቆ?»

«ሙት ፈረስ። ከታች፣ በድሮው የግንድ ጫኞች መንገድ። ከድልድዩ በላይ ሁለተኛው መታጠፊያ ጋ። ማለዳ ላይ።»

ባንኮኒው ላይ የተደረደሩት ስድስት ወንዶች ማንኪያቸውን አቆሙ። እንዲህ ያለ ርዝመት ያለው ውሸት በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

ሒሳብ መክፈያው ጋ ደግሞ ወይዘሮ ኢዴላ ስትራውድ የፖም ኬኳን ለመውሰድ ቆማ ነበር። ወይዘሮ ስትራውድ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሦስት ቁጥር አውቶቡስን ነድታለች፤ በዚያ ቁርስ ቤት የተቀመጠውን ወንድ ሁሉ ንፍጡ በአፍንጫው ሳለ ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት አመላልሳዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠመንጃውን ራሷ ትወለውለዋለች። እሷ ስትናገር ባለ ጢም ወንዶች ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

«ሙት ፈረስ ነው ያልከው ልጄ?»

«አዎ፣ ወይዘሮ ስትራውድ።»

«ሁለተኛው መታጠፊያ?»

«ሁለተኛው መታጠፊያ።»

የግራ ጆሮውን አየችው። አይታው ስታበቃ ኬኳን ይዛ ወጣች።

የአደን ወቅቱ በሚያዝያ አጋማሽ ተከፈተ። በመክፈቻው ዕለት ጎህ ሲቀድ ዌንደል ሻንጣውን አዝሎ ወደ ማንቆርቆሪያ በር ደረሰ። ዘጠኝ መኪና ቆሟል።

መብራቱን አጠፋ። መልሶ አበራ። ዘጠኝ ናቸው። ሃልቮርሰን የሚታጠፍ ወንበር ዘርግቶ፣ ከቴርሞስ እየቀዳ፣ በሩን ተደግፎ እግሩን ያወዛውዛል።

«ዘገየህ እኮ!» አለ።

«እናንተ... እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?»

«አንተ ሙት ፈረስ አልክ አይደል?»

«አልኩ!»

«እህ። ሙት ፈረስ በምሥራቅ ነው። ዝቅ ያለ ነው። ቅርብ ነው። አንተ ዋሽተህ ነው፤ ስለዚህ የምትሄድበት በምዕራብ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ሩቅ ነው። በምዕራብ ከፍ ያለ ሩቅ ቦታ ደግሞ ከማንቆርቆሪያ ሌላ ምን አለ? እኔ በሁለት ጉርሻ ደረስኩበት፤ እነዚህ እንኳ እስከ ምሳ ድረስ ደርሰውበታል።»

«ዝም ብለህ 'ወደ ላይ' ብትል ኖሮ እኮ ማንም ባላወቀ!» አለ አንዱ ከመኪናው ውስጥ፤ ከልቡ አዝኖለት ነበር።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። አሥር ወንዶች እንደ ንግሥ በዓል ተሰልፈው አራት ማይሉን ወጡ። በጠርዙ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ አሥር መነጽር ማዶውን ገደል ይመረምር ጀመር። ዌንደል በመነጽሩ ያየው አንድ ጥቁር ነገር የሃልቮርሰን ኮፍያ ነበር፤ ሲያስተካክለው ሃልቮርሰን ዳቦውን እያኘከ እጁን አወዛወዘለት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድብ ከነበረም የአሥር ሰው ላብና የሽንኩርት ጠረን ሲሸትተው ወደ ካናዳ ተሻግሯል።

በሁለተኛው ሳምንት የአማቱን መኪና ተውሶ ሄደ። በሩ ጋ ሰባት መኪና ቆሟል። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሄደ፤ እነሱም ቀድመው ነበር፣ ቤከን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ጠብሰው ጠበቁት። የማይመጡበት ምክንያት የለም፤ ያሉት ከዓመቱ ሁሉ የተዋጣለት ሽርሽር ላይ ነው። አንድ ምሽት ካርታው ፊት ቆሞ ዓይኑ ሙት ፈረስ ላይ አረፈ። ሁሉም ማንቆርቆሪያ ከሆነ... አለና እጁን ወደዚያ ዘረጋ። ግን ከአሥር ሁለት ብሎ የጻፈው ራሱ ነው፣ በራሱ እጅ፣ በቀይ ቀለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እጁን መለሰ።

ከዚያ ወዲያ በነበረው ዓርብ አንድ የሚገርም ነገር አጋጠመው። ሻንጣውን እንደ ልማዱ ሲመዝነው አምስት ወቄት ጨምሮ አገኘው። ሁሉን አውጥቶ ቆጠረ፤ ምንም አልተጨመረም። ባዶውን መዘነው፤ ያው አምስት ወቄት። አሸተተው፤ ምን እንደሸተተው አላወቀም። «እርጥበት ነው» ብሎ ደመደመ፤ አምስት ወቄቱን ለማካካስ የወገቡን ማሰሪያ ቆርጦ ጣለ። ሎሬታ ከበሩ ላይ ሆና አየችው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ወደ ማጀቷ ሄደች።

ግንቦት ሁለተኛ ቅዳሜ ደረሰች። ለማንም አትቆምም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድንች ሰላጣ መጣ፣ ባቄላ መጣ፣ የበቆሎ ዳቦ መጣ፣ ሃያ ሦስት ዓይነት ኬክ ተደረደረ። በመካከሉ ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ፣ የሥጋው ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ባዶውን ቁጭ ብሏል። የእሳት አደጋ መኪናው ወንበርም ባዶ ነው። ዌንደል ከሁሉ ኋላ፣ ከመውጫው በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ያለው የሎሬታ ወንበር ባዶ ነው። እንዳለችው ወጥ ቤት ገብታለች። ኪሱ ውስጥ በአራት የታጠፈ ንግግር አለ፤ አቅዶበታል። «የተከበራችሁ የዶሊ ፎርክ ነዋሪዎች፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት...» ይላል መጀመሪያው። ወረቀቱ በላቡ ርሷል።

ሃልቮርሰን ብርጭቆ በማንኪያ መታ። «እንግዲህ» አለ፣ «በቃለ ጉባኤ እንደተያዘው...»

ዌንደል ብድግ አለ። አንድ ሕፃን «ሥጋው የታለ?» ብሎ ጮኸ፤ መቶ አርባ ራስ ወደ ኋላ ዞረ። ወረቀቱን ዘረጋ። ቀለሙ በላብ ተጨማልቆ ፊደሉ አልለይ አለው።

ይኼኔ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ሎሬታ ፊቷ በሙቀት ቀልቶ፣ ትልቅ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች፤ ከኋላዋ ሌላ ሴት፣ ከኋላዋ ሌላ። የድብ ጥብስ ነው፤ ደም የሚባል ነገር እስኪጠፋበት ድረስ ከትናንት ጀምሮ የበሰለ፣ በሽንኩርትና በደረቅ ፕሪም ታሽቶ። የድብ ወጥም አለ። ባዶው ጠረጴዛ ሞላ።

አዳራሹ በጩኸት እንደ ጎርፍ ፈነዳ። ዌንደል ንግግሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሎሬታ አጠገቡ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ «ሻንጣህ ግን በጣም ቀላል ነው፤ አንድ ታፋ ይዞ እንኳ አልከበደኝም» አለችው በጆሮው። «ደሙን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤዋለሁ፤ ትንሽ ሳይለቅ የቀረ አለ።»

አምስት ወቄት! ዌንደል ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ነው ያመጣው?» ሃልቮርሰን ግራ ገብቶት ቀለሙንና ብሩሹን እንደያዘ ወደ ወጥ ቤቱ ጮኸ። «ማንን ልጻፍ?»

ወይዘሮ ስትራውድ ሽርጧን እየፈታች ወጣች።

«እኔ ነኝ የጣልኩት» አለች። «ያለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ እናንተ ወንዶቹ ሁላችሁ ሥራ ላይ ሳላችሁ። ፈቃዴ በኪሴ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ወንድ ነው፣ ግልገል የሚከተለው የለም፣ ጉብታ የለውም። ቆዳውንም ራስ ቅሉንም ለዱር አራዊት መሥሪያ ቤት አሳይቻለሁ። ሎሬታና ሁለት ሴቶች ተሸክመው አወጡልኝ።»

«የት አገኙት ወይዘሮ ስትራውድ?»

«ሙት ፈረስ ሸለቆ። ሁለተኛው መታጠፊያ።»

ሃልቮርሰን ብሩሹን ዝቅ አደረገ።

«አርባ ዓመት በዚያ ድልድይ ላይ ነድቻለሁ» አለች። «በረዶ ከሁሉ ቀድሞ የሚለቀው ከሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ የበቀለውን ሣር ከመሪዬ ላይ ሆኜ ስንት ጸደይ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አልሄድበትም ነበር፤ መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ሰው ይረግጠዋል። ዘንድሮ ግን ዌንደል እዚያ እሄዳለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ዌንደል የተናገረው ቦታ ማለት ደግሞ በዚህ አውራጃ ውስጥ አንድም ሰው የማይደርስበት ቦታ ነው።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። ከሰማይ በተነሣው ፎቶ ላይ የተራራ ጥላ የመሰለው ጥቁር ነገር ምን እንደነበር ዌንደል አሁን ገባው፤ ፎቶው ሲነሣ በዚያ ያለፈ ደመና ጥላ ነው። ከአሥር ሁለት የሰጠው ለደመና ነው።

«ስለዚህ የእሱን ስም ጻፍ» አለች ወይዘሮ ስትራውድ። «ቦታውን የነገረኝ እሱ ነው። እኔ ወንበርም ሰሌዳም አልፈልግም፤ ወገቤን ያመኛል።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሃልቮርሰን፤ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «ቦታውን ያሳያት እሱ፣ የተኮሰችው እሷ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ነበር የምንለው? ዌንደል፣ አንተ ታውቃለህ፤ ስንት ዓመት ሰብከኸናል!»

«መሪ!» ብለው ጮኹ ስድስቱ የባንኮኒ ወንዶች።

«መሪ! የወይዘሮ ስትራውድ መሪ!»

እዚህ ላይ ሰውየው መንታ መንገድ ላይ ወደቀ። «ዋሽቼ ነው፤ ቦታውን አላውቀውም፣ ምንም አላሳየሁም» ቢል እውነቱን ይናገራል፤ የክሩግ ስም እንደ አያቱ ዘመን ከሰሌዳው ውጭ ይቀራል፣ ንግግሩን ያነባል፣ ይቀመጣል። «አዎ፣ አሳይቻታለሁ» ቢል ደግሞ ወንበሩ የእሱ ነው፣ ነጭ ቀለሙ የእሱ ነው፤ በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የናቀው ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ማዕረጉ ይሆናል። ሎሬታን አያት። ሎሬታ ትሪዋን አስቀምጣ፣ እጇን አጣምራ፣ ትጠብቃለች። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚል በእውነት ማወቅ የፈለገች ትመስል ነበር።

ዌንደል ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ያው...» አለ። «ወይዘሮ ስትራውድ አሮጊት ናቸው። አዘንኩላቸው። ደህና ቦታ ልስጣቸው አልኩ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛው ቆሞ ሳለ ቀለለው። ወደ ፊት ተራመደ፣ የቆዳው ወንበር ላይ ወጣ፣ እግሩ ወለል አልነካም። ሎሬታ ለአፍታ አየችው፣ ሽርጧን አጠበቀችና ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች። ሁለት ሳህን በላ። ወይዘሮ ስትራውድ ከማዶ ተቀምጣ የግራ ጆሮውን ታየው ነበር፤ ስድስት ዓመቱ ሳለ «መስኮቱን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም» ሲላት እንደነበረው ነው፣ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል።

ሰሌዳው ላይ ዛሬም ተጽፏል፤ «ኢዴላ ስትራውድ፤ በመሪ ዌንደል ክሩግ»። የመኪናው መከላከያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በማግሥቱ ማለዳ የማይታወቅ እጅ «ዬ ራሴ ነኝ» የሚለውን ቆርጦ ወስዶ «መሪ» የሚለውን ብቻ አስቀርቶለታል። ዌንደል አልላጠውም። ጭራሽ በክረምቱ ሁለት የከተማ ሰዎች ስልክ ደውለው ቦታ እንዲያሳያቸው ጠየቁት አሉ፤ ዕቅድ እያወጣላቸው ነው። ግድግዳው ላይ ቢጫ መርፌዎቹ ሰባ ስምንት ደርሰዋል። በየት በኩል እንደሚወስዳቸው ትናንት ቁርስ ቤት ጠይቀነው ነበር፤ ቀና ብሎ፣ ዓይናችንን እያየ፣ እስከ መታጠፊያው ቁጥር ድረስ ነገረን። እኛም አመስግነን፣ በሁለት ጉርሻ ውስጥ የት እንደሆነ ደረስንበት።

አንተ ግን አንባቢ፣ እዚህ ድረስ በዌንደል ስትስቅ የመጣኸው፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ዘንድሮ ለሰው ሁሉ «እንዲህ ላደርግ ነው» ብለህ ያወጅከውን ያንን ዕቅድህን፣ አሁን ተነሥተህ መስታወት ፊት ቁም፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንድ ጊዜ ድገመው፤ ደግመህ ስታበቃም ፊትህን ሳይሆን የግራ ጆሮህን እየውና፣ እባክህ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ቀለሙ...